ልጅዎን የት ያስመዝግቡ? የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች በዕለት ልማዳቸው ሲነጻጸሩ

ሰኔ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ ወሬው አንድ ነው። «የት አስገባሽው?» «ስንት ጨመሩባችሁ?» «ሰርቪሱ እናንተ ሰፈር ይደርሳል?» አጥር ላይ የተሰቀለው ባነር ደግሞ ብዙም አይረዳም። ሁሉም ላይ የሚስቅ ሕፃን አለ፤ ሁሉም «በጥራት እናስተምራለን» ይላል። አናስተምርም የሚል ባነር እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ባነሩን ትተው የዕለት ልማዱን ይጠይቁ። ኮሚኒኬሽን ቡኩ (መምህርና ወላጅ መልእክት የሚለዋወጡበት ደብተር) በየቀኑ ይፈረማል ወይ? ካርድ የሚሰጠው እንዴት ነው? ሆም ሩም ቲቸሯ (የክፍሉ ኃላፊ መምህርት) እዚያ ስትሠራ ስንት ዓመት ሆናት? «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ልጁ ምን ሲያደርግ ነው? የትምህርት ቤቱ ጠባይ የሚታወቀው ከነዚህ ትንንሽ ነገሮች ነው። ከታች አምስት ዓይነት ትምህርት ቤቶችን በዚህ መንገድ አነጻጽሬያለሁ። በስም የጠራኋቸው ዓይነቱን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ለማስተዋወቅ አይደለም።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

*መጨረሻው የት ነው?* ኬጂ የሚያስገባ ሰው ይህን አይጠይቅም። ልጁ ገና ነርሰሪ ነው፤ ማትሪክን ማን ያስባል? ግን መንገዱ የሚለየው እዚያው ነው። በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ልጁን ለ6ኛ ክፍል፣ ለ8ኛ ክፍል (አሁንም ሚኒስትሪ እንለዋለን) እና ለ12ኛ ክፍል ፈተና ያዘጋጃል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። የውጭ ሥርዓት የሚከተለው ደግሞ ወደ አይጂሲኤስኢ (የእንግሊዝ ሥርዓት ፈተና)፣ ወደ አይቢ (ዓለም አቀፍ ዲፕሎማ) ወይም ወደ ፈረንሳዩ ባካሎሬያ ይወስደዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር ታች ክፍል ላይ ይቻላል። 9ኛ ክፍል ላይ ግን ልጁ ፍዳውን ያያል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጨዋታው ተለውጧል። በዚያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ «ስንት አሳለፋችሁ?» የሚለው ጥያቄ የምዝገባ ቢሮ ሁሉ የለመደው ሆነ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን አብረው «ስንት አስፈተናችሁ?» ይበሉ። አሥር አስፈትኖ ስምንት ያሳለፈና ሁለት መቶ አስፈትኖ መቶ ያሳለፈ እኩል አይደሉም። ደግሞም ትምህርት ቤቱ ስንተኛ ክፍል ድረስ እንዳለው ይወቁ። ብዙዎቹ 8ኛ ላይ ያበቃሉ። ያኔ ፍለጋው እንደ አዲስ ይጀመራል።

*ዓመቱን ሙሉ ስንት ይወጣል?* ወርሃዊ ክፍያው የወጪው ግማሽ ወሬ ነው። መጀመሪያ ክፍያው የአሥር ወር ነው ወይስ የአሥራ ሁለት፣ በወር ነው ወይስ በተርም፣ ይህን ይለዩ። ከዚያ ሌሎቹን ይደምሩ፦ የምዝገባ ክፍያ (ነባር ተማሪም በየዓመቱ ይከፍላል)፣ ዩኒፎርም፣ የስፖርት ቱታ፣ መጽሐፍ፣ ሰርቪስ፣ ቲቶሪያል፣ የፊልድ ትሪፕ፣ የወላጆች ቀን ልብስ፣ የምረቃ ጋውንና ፎቶ።

ዩኒፎርም ላይ ትንሽ ልቆይ። ጨርቁንና ቀለሙን ነግሮ «የትም አሰፉት» የሚል ትምህርት ቤት አለ። መርካቶ ወርደው በደህና ዋጋ ይጨርሳሉ። ዓርማው የተጠለፈበትን ከኛ ብቻ ግዙ የሚል ደግሞ አለ። ሹራብ ማለት ልጅ በወር አንዴ የሚጥለው ነገር መሆኑን ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ ሦስተኛውን ሹራብ ሲገዙ ልዩነቱ ይገባዎታል። ስለዚህ «ሹራቡን ውጭ ማሰፋት ይቻላል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። የጠፋ ዕቃ የሚሰበሰብበት ቦታ ካላቸው ደግሞ እዩልኝ ይበሉ። ስም የተጻፈባቸው ሹራቦች ለወራት ተከምረው ካዩ፣ ዕቃውን ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው የለም ማለት ነው።

የክፍያ ጭማሪ በየትኛው ስብሰባ እንደሚወሰንም ይጠይቁ። ወላጅ ተጠርቶ፣ ተወያይቶ፣ ቃለ ጉባዔ ተይዞ ነው ወይስ በቴሌግራም ደብዳቤ? ካልተስማሙ የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘንድ አቤት ማለት እንደሚቻል ብዙ ወላጅ ያውቃል። የወላጅ ኮሚቴው ጠንካራ ከሆነ ግን ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ያልቃል።

*ቋንቋ።* አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የግል ትምህርት ቤት ከታች ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ያስተምራል። የመንግሥቱ መጽሐፍ በአማርኛ፣ የትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱም አንድ ቦርሳ ውስጥ። የልጁ ትከሻ ይመስክር። ወላጁ እንግሊዝኛውን ወድዶ ይከፍላል፤ ሁለተኛ ሦስተኛ ክፍል ላይ ልጁ አማርኛ ሲያነብ ፊደል ሲቆጥር ያገኘዋል። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ጠርተው ከአማርኛ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። የከተማ አቀፉ ፈተና በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥና ትምህርት ቤቱ ለዚያ እንዴት እንደሚያዘጋጅም ያስረዱዎ።

*ከወላጅ ጋር እንዴት ይገናኛሉ?* ለኔ ዋናው መመዘኛ ይሄ ነው። ኮሚኒኬሽን ቡክን ይውሰዱ። ቀን፣ የቤት ሥራ፣ የመምህር ፊርማ፣ የወላጅ ፊርማ፤ በቃ። በትክክል ከተያዘ ግን ከዚህ የሚሻል ነገር የለም። ሚስ «ዛሬ ምሳውን አልበላም» ብላ ትጽፋለች፤ እርስዎ «ትንሽ አሞት ነበር» ብለው ይመልሳሉ። በደንብ ካልተያዘ ወላጅ በጭፍን ይፈርማል፤ ሚስም በጭፍን ትፈርማለች። ሲጎበኙ የአንድ ልጅ ቡክ ብቻ ሳይሆን የክፍሉን ቡኮች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይዩ። የመምህሯ ጽሑፍ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ቡኩ ጌጥ ነው።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ደግሞ ቴሌግራም ግሩፕ መጣ። ኮሮና ሄደ፤ ግሩፑ ቀረ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ «ውድ ወላጆች፣ ነገ ልጆች ባለቀለም ወረቀትና ኮላ ይዘው ይምጡ» የሚል መልእክት ይገባል። ጽሕፈት መሣሪያ ቤቱ ከዘጋ ቆይቷል። ከሥሩ ሠላሳ «እሺ ሚስ» ይከተላል፤ አንዱ አባት ደግሞ የበዓል ፖስተር ይለጥፋል። «መልእክት እስከ ስንት ሰዓት ትልካላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው ትምህርት ቤት የወላጅን ሰዓት ያከብራል።

*መንገዱ።* ሰርቪስ ሁለት ዓይነት ነው፦ የትምህርት ቤቱ የራሱና ወላጆች ከባለ መኪና ጋር ተስማምተው የሚይዙት። ሁለተኛው ላይ ችግር ቢፈጠር ትምህርት ቤቱ «አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። ልጅዎ ስንተኛ ላይ እንደሚጫንና ስንተኛ ላይ እንደሚወርድም ይጠይቁ። መጀመሪያ ተጭኖ መጨረሻ የሚወርድ የኬጂ ልጅ ቤት የሚደርሰው ተኝቶ ነው።

*ቀኖቹ።* የወላጆች ቀን፣ ከለር ዴይ፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ከ12ኛ ክፍሎች ጋር ደግሞ ክሬዚ ዴይ። ልጆች ይወዱታል። ኪስዎ ግን ቀድሞ ይወቀው። የዓመቱን ካላንደር መስከረም ላይ አትሞ የሚሰጥና «ነገ ሐበሻ ልብስ» ብሎ ዋዜማውን የሚነግር ሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

የሰፈር የግል ትምህርት ቤት

አብዛኛው ቪላ ቤት ተከራይቶ ክፍል የተደረገበት ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ የእረፍት ሰዓት ላይ ኳስ ሲጫወቱ ግማሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። ትልቁ ጥቅሙ ቅርበቱ ነው። ዳይሬክተሯ ልጁን በስሙ ታውቀዋለች፤ ወላጁንም ጭምር። ደመወዝ የዘገየበት ወላጅ «ለዚህ ወር ትንሽ ታገሱኝ» ቢል የሚያነጋግረው ሰው ያገኛል። ይህ በብር የማይተመን ነገር ነው።

ደካማ ጎኑ መምህራን ናቸው። የተሻለ ደመወዝ ሲያገኙ በዓመቱ አጋማሽ ይለቃሉ፤ ልጁ በአንድ ዓመት ሦስት ሚስ ይቀያይራል። ሌላው ኪራይ ነው። አከራዩ ቤቱን ከፈለገው ወይም አካባቢው ለልማት ከተፈለገ ትምህርት ቤቱ ይነሳል። «ግቢው የራሳችሁ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ልማዱ ሞቅ ያለ ነው፦ የዩኬጂ ምረቃ በጋውን፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡ ሽልማት፣ ግጥም፣ ጭፈራ። አራተኛ የወጣው ልጅ ግን ያለቅሳል።

ብዙ ቅርንጫፍ ያለው

እዚህ ሥርዓት አለ። ዩኒት ሊደር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት የሚድና የፋይናል ፈተና። አብዛኛው ጊዜ እስከ 12ኛ ክፍል ይደርሳል፤ ላብራቶሪና ላይብረሪም ይኖረዋል። ሠራተኛ ወላጅ ይመቸዋል፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የታወቀ አሠራር አለው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ስም አንድ ነው ማለት ትምህርት ቤት አንድ ነው ማለት አይደለም። የመገናኛው ቅርንጫፍ የተመሰገነበት ነገር አያት ሰፈር ያለው ላይ ላይኖር ይችላል። ልጅዎ የሚገባበትን ቅርንጫፍ ርእሰ መምህር ያነጋግሩ፤ የዋናውን መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት አይደለም። ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ ይሞላሉ። ደረጃ ደግሞ እዚህ ጥብቅ ነው፤ ካርድ የሚሰጥ ዕለት ኮሪደሩ ላይ «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ ነው የሚሰማው። ፉክክር የሚያነቃው ልጅ ይጠቀማል። ዝም የሚለው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ይጠፋል። ቲቶሪያል «በፍላጎት» ይባላል፤ አዲስ ምዕራፍ እዚያ የሚሸፈን ከሆነ ግን ግዴታ ነው፣ ክፍያውን ደምረው ይያዙት።

የሚሽን ትምህርት ቤት

የላሳል ወንድሞች የመሠረቱት ቅዱስ ዮሴፍ፣ የሴቶቹ ናዝሬት፣ ልደታ ካቶሊክ ካቴድራልና መሰሎቻቸው እዚህ ይመደባሉ። ካቶሊክ ቢሆኑም የሁሉም እምነት ልጆች ይማሩባቸዋል። ክፍያቸው ከሚሰጡት አንጻር ሲታይ ቀላል ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው ወላጅ ለኬጂ ምዝገባ ከሌሊት ጀምሮ የሚሰለፈው፤ አንዳንዶቹ ጋ ደግሞ ዕጣ ይወጣል። መሀል ክፍል ላይ ገብቶ ቦታ ማግኘት እንደ ሎተሪ ነው።

እዚህ ያለው ልማድ ዲሲፕሊን ነው። ጸጉር ይታያል፣ ጥፍር ይታያል፣ ዩኒፎርም ይታያል። ሰዓት ካለፈ በር ይዘጋል፤ ሰልፉና መዝሙሩ ያመለጠው ልጅ ውጭ ይቆማል፣ የትራፊክ ሰበብ ብዙም አይሰማም። «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል በሌላ ቦታ ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ነገ ጠዋት ሥራ ትተው የሚሄዱበት ቀጠሮ ነው። ይህን የሚወዱ ወላጆች አሉ፤ የሚያንቃቸውም አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ለአብዛኛው ልጅ ጥቅሙ ያመዝናል። በጣም ለሚፈራ ልጅ ግን ቆም ብለው ያስቡበት። ሌላው ሀብታቸው የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ናቸው፦ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ተሰባስበው ላብራቶሪ የሚያድሱ፣ ለችግረኛ ልጅ የሚከፍሉ።

የኮሙኒቲና የኢምባሲ ትምህርት ቤት

ፈረንሳይኛው፣ ጣሊያንኛው፣ ጀርመንኛው። ከነዚህ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ሊሴ ገብረማርያም ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ጣሊያንን ሲዋጉ በወደቁት በደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪ ስም የተሰየመና የፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተል ነው፤ መጨረሻው ባካሎሬያ ነው። ሃይማኖት አይሰበክበትም።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ቤት ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ አለ? ከሌለ የቤት ሥራ የሚያስጠና አስጠኚ ያስፈልጋል፤ ያም ወጪ ነው። ዕረፍታቸው ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር አይገጥምም። ሁለት ልጅ ሁለት ቦታ ያለው ቤተሰብ አንዱ ተኝቶ አንዱ ሲነሳ ዓመቱ ያልቃል።

ኢንተርናሽናል

ታፔላው ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚለውን ቃል መለጠፍ ከባድ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ዕውቅና የሰጣችሁ ማነው? የትኛውን ዓለም አቀፍ ፈተና እዚሁ ግቢ ውስጥ ታስፈትናላችሁ? በስምና በማስረጃ መልስ ካልመጣ፣ ያሉት እንግሊዝኛ የበዛበት የአገር ውስጥ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ያ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን የኢንተርናሽናል ዋጋ አይክፈሉበት።

እውነተኞቹ የቆዩ ናቸው። ሳንድፎርድ በክርስቲን ሳንድፎርድ የተመሠረተ ነው። ዛሬ አይሲኤስ (ኢንተርናሽናል ኮሙኒቲ ስኩል) የሚባለው ቀድሞ የአሜሪካ ኮሙኒቲ ትምህርት ቤት ነበር። ልማዱ ሌላ ዓለም ነው። ደረጃ የለም፤ «ስንተኛ ወጣ?» ብለው ቢጠይቁ መምህሩ ግራ ይገባዋል። የወላጅ ስብሰባ በቀጠሮ ነው፤ ለደቂቃዎች ተቀምጠው ስለ አንድ ልጅ ብቻ ያወራሉ። ዓመቱ የሚጀመረው በፈረንጆቹ ኦገስት ነው፤ የኛ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ልጁ ቦርሳ ያነሳል። የኢንተርናሽናል ቀን ሲሆን ወላጅ የአገሩን ምግብ ይዞ ይመጣል፤ የኛ ጠረጴዛ ላይ ዶሮ ወጡ ቶሎ ያልቃል።

ወጪው ግን ቀልድ አይደለም። የላይኞቹ ላይ በዓመት በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። ክፍያው በዶላር ወይም በዶላር ተሰልቶ በብር ከሆነ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውን ያስታውሱ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ገቢው በብር የሆነ ወላጅ በዚያ ክረምት ልጁን የት እንደሚያዛውር ሲጨነቅ ነው ያሳለፈው። ልጁ በኋላ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ሊማር ከሆነ ደግሞ የአቻ ግምት ማስረጃ እንደሚያስፈልገው ቀድመው ይወቁ።

በአጭሩ

| ዓይነት | ወጪ | መጨረሻው ፈተና | ከወላጅ ጋር | የሚያስቸግረው |
|---|---|---|---|---|
| የሰፈር የግል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | 6ኛ፣ 8ኛ፤ ጥቂቶቹ 12ኛ | ፊት ለፊት፣ ኮሚኒኬሽን ቡክ | መምህር መለዋወጥ፣ ኪራይ ግቢ |
| ብዙ ቅርንጫፍ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | 12ኛ | ቡክ፣ ቴሌግራም፣ የካርድ ቀን | የሞላ ክፍል፣ የቅርንጫፍ ልዩነት |
| ሚሽን | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | 12ኛ | ጥሪ ሲደረግ፣ በጥብቅ | ለመግባት ከባድ |
| ኮሙኒቲና ኢምባሲ | ከፍተኛ | የየአገሩ፣ ለምሳሌ ባካሎሬያ | በጽሑፍ፣ በስብሰባ | ቋንቋ፣ የዕረፍት ጊዜ |
| ኢንተርናሽናል | በጣም ከፍተኛ | አይጂሲኤስኢ፣ አይቢ | በቀጠሮ፣ በኢሜይል | ዶላር፣ አማርኛ መድከም |

እንደ ቤቱ

ደመወዝ ጠበቅ ያለበትና ሁለቱም ወላጅ የሚሠሩበት ቤት ከሆነ፣ ለኬጂ የሰፈሩን ይምረጡ። በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት የሰርቪሱን ገንዘብ ያተርፋል፤ በዚያ ገንዘብ ልጁ 5ኛና 6ኛ ሲደርስ ጥሩ አስጠኚ ይያዝበታል። አብሮ ግን በየዓመቱ የሚሽኖቹን ምዝገባ ይሞክሩ። ዕጣው ከወጣ ወደ ኋላ አይበሉ።

መካከለኛ ገቢ ላለው፣ ልጁን እስከ 12ኛ ሳያዛውር ማድረስ ለሚፈልግና ዓላማው የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለሆነ፣ ቅርንጫፍ ያለው ይሻላል፤ ቅርንጫፉን ካጣራ በኋላ። ልጁ ዝምተኛ ከሆነ የክፍሉን ቁጥር ቆጥረው ይግቡ።

ልጁን ውጭ ለማስተማር ቆርጦ የተነሳና ገቢው በውጭ ምንዛሪ የሆነ ወደ ኢንተርናሽናሉ ይሂድ። ገቢው በብር ከሆነ ግን የዛሬውን ክፍያ መቻል አይበቃም፤ በአንድ ክረምት እጥፍ ቢሆንስ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። መሀል ላይ ከማቋረጥ ከመጀመሪያው አለመግባት ይሻላል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለተመለሰ ቤተሰብ ነገሩ በዕድሜ ይለያል። ልጁ ከ3ኛ ክፍል በታች ከሆነ አማርኛውን በአንድ ዓመት ያነሳዋል፤ የአገር ውስጥ ትምህርት ቤት አይፍሩ። 7ኛና 8ኛ ላይ የመጣ ልጅ ግን አማርኛ ማንበብ ሳይችል ሚኒስትሪ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ለሱ በእንግሊዝኛ የሚቀጥልበት ቦታ ይፈለግ።

ከመወሰንዎ በፊት

ሲጎበኙ በመለቀቂያ ሰዓት ይሂዱ። ጠዋት ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል። ማታ ልጁን ማን እንደሚረከብ፣ ጥበቃው የማያውቀው ሰው «አጎቱ ነኝ» ሲል ምን እንደሚያደርግ፣ የዘገየ ወላጅ ልጅ የት እንደሚቆይ በዓይንዎ ያያሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ከደረሱ ደግሞ ምሳ ዕቃውን ማን እንደሚከፍትላቸው ይዩ፤ የነርሰሪ ልጅ ክዳን ሲታገል የሚያግዘው ሞግዚት ከሌለ ምግቡ እንደሄደ ይመለሳል።

ልጁን የሚያዛውሩ ከሆነ መሸኛውን አስቀድመው ይጠይቁ። ያልተከፈለ ወር ካለ የቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛውን ይይዘዋል፤ አዲሱ ደግሞ ያለ መሸኛና ያለ ካርድ አይመዘግብም። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የክትባት ካርዱንና ጉርድ ፎቶውን አንድ ፋይል ውስጥ ያድርጉ። አዲሱ ቦታ በደረሰኝ እስኪረጋገጥ ድረስም ነባሩ ላይ የልጁን ቦታ አይልቀቁ። የምዝገባ ክፍያው አብዛኛው ቦታ አይመለስም፤ ከመክፈልዎ በፊት «ብንተወው ትመልሳላችሁ?» ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።